የጓንቱ ፓተንት መቼ ነው የሚያልቀው? አምስት ቁጥር፣ አምስት የተለያየ ቀን

ቆዳና_ክር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ የጓንት መስፊያ አለው። የደጋ በጋችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ተፈላጊ መሆኑን ታውቃላችሁ። እስካሁን የሚሰፋው የብርድ ጓንት ነበር፤ አሁን የሞተር ብስክሌት ነጂ ጓንት ሠርተን እዚህ አሜሪካ ልንሸጥ ነው። ሰው ከሞተር ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው። መዳፉ አስፋልቱን ከነከሰ አንጓው ይሰበራል፣ ከተንሸራተተ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለዚህ ሲባል መዳፉ ሥር ሁለት ልሙጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሰፋበታል።

ችግሩ፣ ይህንኑ የመሰለ ጓንት ገበያ ላይ አለ። አንድ ገዝቼ ብገለብጠው የውስጥ ጨርቁ ላይ አምስት የፓተንት ቁጥር ተጽፏል። የኩባንያውን ስምም ቁጥሮቹንም እዚህ አላወጣም፤ ቀኖቹን ብቻ ልስጣችሁ (ሁሉም በፈረንጅ)፦

ሀ፦ ኤፕሪል 12፣ 2004 ፕሮቪዥናል (ጊዜያዊ ማመልከቻ) ገባ፤ ኤፕሪል 11፣ 2005 ዋናው ማመልከቻ ገባ፤ ኦገስት 2009 ፓተንቱ ተሰጠ። ስለ ፕላስቲኩ ነው።
ለ፦ የሀ ኮንቲኒዌሽን (ተከታይ ማመልከቻ)። ጁን 2009 ገባ፣ 2012 ተሰጠ።
ሐ፦ ኮንቲኒዌሽን ኢን ፓርት (አዲስ ነገር የተጨመረበት ተከታይ ማመልከቻ)። 2011 ገባ፣ 2014 ተሰጠ። ከፕላስቲኩ ሥር ስፖንጅ ጨምረውበታል።
መ፦ ከሌሎቹ ጋር ያልተያያዘ፣ ስለ አንጓ ማሰሪያ ቀበቶ። 2014 ገባ፣ ፌብሩዋሪ 2016 ተሰጠ። ጉግል ፓተንት ላይ «በክፍያ ምክንያት ያበቃ» ይላል።
ሠ፦ የዲዛይን ፓተንት። 2014 ገባ፣ ፌብሩዋሪ 2016 ተሰጠ።

የኔ ሒሳብ ቀላል ነበር፦ 2004 ሲደመር 20፣ 2024። አልፏል! ስለዚህ 600 ጥንድ ለማርች በአየር ጭነት ልናስገባ ተነጋግረናል። ትናንት ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተሳስቻለሁ?

ሮኬት_77

ፓተንት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነው። 2009 እና 17 ሲደመር ኦገስት 2026። ገና ነህ።

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ጭነቱን ማርች ላይ እንዳታስገባ። (ጠበቃ አይደለሁም። የፓተንት ጠበቆች ቢሮ ውስጥ የጊዜ ገደብ የምከታተል ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን መቁጠር እንጀራዬ ነው።)

መጀመሪያ ሮኬት፣ አንተ ያልከው የድሮው ሕግ ነው። ጁን 8፣ 1995 እና ከዚያ ወዲህ ለገባ ማመልከቻ የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ሲሆን 20 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ከተሰጠበት ቀን 17 ዓመት ነበር። ልዩነቱን በሄልሜት ታሪክ ማየት ይቻላል፦ ውስጡ ግጭት የሚውጥ ሽፋን ያለው የሮትና የሎምባርድ ሄልሜት በ1947 ገብቶ በ1953 ነው የተሰጠው። በድሮው ሕግ እስከ 1970 ይኖራል፤ በአሁኑ ቢሆን 1967 ላይ ያበቃ ነበር። የፓተንት ቢሮው ሲያጓትት ባለቤቱ ይጠቀም ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ሲለወጥ መሀል ላይ የተገኙት ደግሞ ከሁለቱ የሚረዝመውን እንዲወስዱ ተደረገ። ለኤን 95 ማስክ ጨርቅ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚሰጠው የፒተር ሳይ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ፓተንት እንደዚያ ነው፤ 1992 ገባ፣ 1995 መጀመሪያ ላይ ተሰጠ። በሁለቱም ስሌት 2012 ላይ ይወድቃል፤ ልዩነቱ የወራት ነው።

አሁን ወዳንተ። የመጀመሪያው ስህተትህ ከ2004 መቁጠርህ ነው። ፕሮቪዥናል ማለት ቦኖ ውኃ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ እንደመሄድ ነው። ወረፋህን ይይዝልሃል፤ በ12 ወር ውስጥ እንስራህን ይዘህ ካልመጣህ ድንጋዩ ይነሳል። «ማን ቀደመ» ሲባል ይቆጠራል፣ ዕድሜ ሲቆጠር ግን የለም። ከውጭ አገር የመጣ ቀዳሚ ማመልከቻም እንደዚሁ ነው። ሲመታ የጭንቅላትን መሽከርከር የሚቀንሰውን የሚፕስን ሄልሜት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከስዊድን የመጣው ዋናው ፓተንት የ1999 ቀዳሚነት ይዞ በ2000 ነው በዓለም አቀፍ ማመልከቻ የገባው። 20ው ዓመት የተቆጠረው ከ2000 ነው።

ስለዚህ የሀ መነሻ 2005 ነው፤ ኤፕሪል 11፣ 2025። ግን እዚያም አላበቃም። የፓተንቱን የፊት ገጽ ክፈትና ኮከብ ምልክት ካለበት «ኖቲስ» ከሚለው ቃል ጎን ምን እንደተጻፈ ንገረኝ።

ቆዳና_ክር

እህቴ፣ ከፈትኩት። «የዚህ ፓተንት ዕድሜ በ412 ቀን ተራዝሟል» ዓይነት ነገር ይላል። ይሄ ምንድን ነው?

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

ይኸውልህ። ዕድሜው ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ከገባበት ቀን መቆጠር ሲጀምር አመልካቾች «ቢሮው ባጓተተ እኛ ለምን እንቀጣለን?» አሉ። ስለዚህ ቢሮው በ14 ወር ውስጥ የመጀመሪያ መልስ ካልሰጠ፣ ወይም ጠቅላላው ጉዳይ ከሦስት ዓመት ካለፈ፣ ያጓተተበት ቀን ይካስላቸዋል። አመልካቹ ራሱ ያዘገየው ደግሞ ይቀነሳል። ያንተው ከኤፕሪል 2005 እስከ ኦገስት 2009 ከአራት ዓመት በላይ ወስዷል፤ 412 መባሉ አይገርምም።

ኤፕሪል 11፣ 2025 እና 412 ቀን ሲደመር ሜይ 28፣ 2026 ይመጣል። በእኛ ግንቦት 20፣ 2018። ለመርሳት የማይመች ቀን ነው 😄

ሮኬት ስሌቱን ተሳስቶ ዓመቱን አገኘው፤ አንዳንዴ ይሆናል።

አሁን ልጆቹ፣ ማለትም ከሀ የተወለዱት ተከታዮች። ለ እና ሐ የእናታቸውን የሀን ቀን ነው የሚወርሱት፦ ኤፕሪል 11፣ 2025። ኮንቲኒዌሽን የሚገባው እናቱ ገና ቢሮ ውስጥ እያለች ነው (ለዚህ ነው ሀ ከመሰጠቷ ሁለት ወር በፊት ለ የገባው)። ልጁ አዲስ ክሌም (ፓተንቱ ምን እንደሚያግድ የሚወስነው ዓረፍተ ነገር) ሊጠይቅ ይችላል፣ አዲስ ዕድሜ ግን አያገኝም። በ2012 ቢሰጥም በ2014 ቢሰጥም የሚያረጀው በእናቱ ዕድሜ ነው።

ኢንጂነር_ነኝ

ቤቲ፣ በሐ አልስማማም። ኮንቲኒዌሽን ኢን ፓርት ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ስፖንጁ። ለአዲሱ ነገር ቀኑ 2011 ነው። ስለዚህ የስፖንጁ ክሌም እስከ 2031 ነው የሚኖረው። ሥራ ቦታ እንደዚህ ነው የተማርነው።

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ አትፈር። ሁለት ጥያቄ እየቀላቀልክ ነው። «ከማን ፈጠራ ጋር ይነጻጸራል?» ሲባል ስፖንጁ 2011 ነው። «መቼ ያልቃል?» ሲባል ግን ሕጉ የሚያየው ማመልከቻው ውስጥ የተጠቀሰውን የመጀመሪያ እናት ነው። ሐ የ2005ቱን ጠቅሳለች፤ ስለዚህ ስፖንጁም ከነፓተንቱ 2025 ላይ ሄደ። ሲወለድ ዘግይቶ፣ ሲሞት ቀድሞ።

ባለቤቱ ስፖንጁን እስከ 2031 ማቆየት ቢፈልግ ኖሮ እናቱን ሳይጠቅስ ለብቻው ማስገባት ነበረበት። ግን ያኔ የራሱ የ2005 ማመልከቻ ታትሞ አደባባይ ላይ ስለነበር (ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ወር በኋላ ይታተማል) «ስፖንጅ መጨመር ምን አዲስ ነገር አለው?» ተብሎ በራሱ ወረቀት ሊወድቅ ይችል ነበር። ምርጫው ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ቆዳና ክር፣ ለ እና ሐ ላይ «ኖቲስ» ምን ይላል? ቀን ተጨምሮላቸዋል?

ቆዳና_ክር

ሁለቱም ላይ ዜሮ ቀን። «ተርሚናል ዲስክሌመር» የሚል ነገር ደግሞ አለ።

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

እንኳን አለ። ቢሮው «ይሄ ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም፤ ለአንድ ፈጠራ ሁለት ጊዜ አልሰጥህም» ሲል ባለቤቱ «እሺ፣ ይህኛው ከዚያኛው በላይ አይኖርም» ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ ሁለቱ አልፈዋል። ቀሪዋ እናቲቱ ናት። ልጆቿን ቀብራ በሕይወት ያለች እናት፤ ፓተንት ውስጥ እንዲህም ያጋጥማል።

አንድ ነገር ብቻ አጣራ፦ ሀ ላይ የማቆያ ክፍያ ተከፍሏል? ክፍያው ፓተንቱ ከተሰጠ በ3 ዓመት ተኩል፣ በ7 ዓመት ተኩል እና በ11 ዓመት ተኩል ነው። ካልተከፈለ በቅጣት የስድስት ወር እፎይታ አለ፤ ከዚያ በ4ኛው፣ በ8ኛው ወይም በ12ኛው ዓመት ይዘጋል። የፓተንት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል።

ቆዳና_ክር

አየሁት። ሦስቱም ተከፍሏል፤ የመጨረሻው 2021 ላይ። 😞

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

እንግዲያው እስከ ግንቦት 20 በሕይወት ናት።

መ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጉግል ላይ «በክፍያ ምክንያት ያበቃ» ስትል ያየሃት ሞታ ሳይሆን ራሷን ስታ ነው። ፌብሩዋሪ 2016 ስለተሰጠች ሁለተኛው ክፍያ ሳይገባ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ተዘጋች። በተፈጥሮ ዕድሜዋ ብትሄድ ግን እስከ 2034 ነበረች። ባለቤቱ «ሆን ብዬ አልነበረም» ብሎ አቤቱታ ካስገባና ከከፈለ ልትመለስ ትችላለች። መዘግየቱ ከሁለት ዓመት ካለፈ ቢሮው ተጨማሪ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ በሩን ግን አይዘጋውም። በመሀል ተማምኖ ሥራ ለጀመረ ሰው ሕጉ የተወሰነ ከለላ ይሰጣል፤ ከለላውን ለማግኘት ግን ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ሊያስፈልግ ይችላል። አንተ ያን ቀበቶ ትጠቀማለህ?

ቆዳና_ክር

አይ፣ የኛ ተራ ቬልክሮ ነው።

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

እንግዲያው «መ»ን እርሳት። ፓተንት የሚያግደው ክሌሙ ላይ የተጻፈውን እንጂ ርዕሱን አይደለም። «ጓንት» ስለተባለ ጓንት ሁሉ የነሱ አይሆንም።

ሠ የዲዛይን ፓተንት ነው፤ መልኩን ነው የሚጠብቀው። እሱ ከገባበት ሳይሆን ከተሰጠበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ የማቆያ ክፍያም የለውም። ከሜይ 13፣ 2015 ጀምሮ የገባ 15 ዓመት፣ ከዚያ በፊት የገባ 14 ዓመት። ያንተው 2014 ስለገባ እስከ ፌብሩዋሪ 2030 ነው። የነሱን የፕላስቲክ ቅርጽ አይታችሁ አትቅረጹ። ወንድምህ የራሱን ይሣል።

የብየዳ_አባት

ልጄ ቆዳና ክር፣ ዕድሜዬን በብየዳ ስለጨረስኩ ጓንት አውቃለሁ። ቤቲ በደንብ ነግራሃለች፤ እኔ ልጨምርልህ የፈለግኩት «የተሠራው አዲስ አበባ ነው፣ አሜሪካ ምን አገባት» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣብህ ነው።

ኬቭላር የሚባለውን ክር ታውቀዋለህ። ስቴፋኒ ክዎሌክ ዱፖንት ውስጥ ሆና መንገዱን ያገኘችው በ1965 ነው። ክሩን በደንብ ማጠንከሪያው የአፈታተል ዘዴ ደግሞ በሌላ የዱፖንት ሰው ስም በ1973 ፓተንት ተሰጠው። የሆላንዱ አክዞ ተመሳሳይ ክር አገሩ ላይ ፈትሎ ወደ አሜሪካ ሊያስገባ ሲል ዱፖንት ፍርድ ቤት ብቻ አልነበረም የሄደው፤ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ዘንድም ከሰሰ። ኮሚሽኑ ክሩ እንዳይገባ አገደ፤ በ1986 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። የተፈተለው ሆላንድ፣ የታገደው አሜሪካ በር ላይ። በድሮው ሕግ 17 ዓመት ነበርና ያ ፓተንት እስከ 1990 ነው የኖረው።

ሌላው፣ ዛሬ ያንን ዓይነት ክር ሌሎችም ይሠሩታል፤ «ኬቭላር» የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ነው። ፓተንት ያረጃል፣ ስም ግን ባለቤቱ እስካደሰውና እስከተጠቀመበት አያረጅም። ወንድምህ የሚሰፋበት ክር ከሌላ ፋብሪካ ከሆነ መለያው ላይ «ኬቭላር» ብሎ እንዳይጽፍ። «አራሚድ» (የክሩ ዓይነት የወል ስም) ይበቃዋል።

ቆዳና_ክር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ኬቭላር» የሚል መለያ ታትሞ ሊጨረስ ነበር 🙈 ዛሬ ደውዬ አስቆማለሁ።

ዝም_በል_ሽጥ

እናንተ ሰዎች ግን ታስፈራራላችሁ። 600 ጥንድ ጓንት ማን ያየዋል? ትልቁ ኩባንያ ስለ 600 ጥንድ ጠበቃ አይቀጥርም። አራት ወር ለማይሞላ ቀሪ ዕድሜ!

ኢንጂነር_ነኝ

በመስመር ላይ ነው የሚሸጠው እኮ። አማዞን ላይ የፓተንት ባለቤት አቤት ካለ ገለልተኛ ገምጋሚ ይመደባል፤ ሻጩ በግምገማው ለመሳተፍ ካልተስማማ ዕቃው ከገጹ ይወርዳል። ለዚህ 600 ሳይሆን 6 ጥንድ ይበቃል። ደግሞም ፓተንቱ ካለቀ በኋላም ቢሆን በሕይወት እያለ ስለተሸጠው ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ካሣ መጠየቅ ይቻላል።

(ቤቲ፣ የሐን ነገር አየሁት፤ ሕጉን አነበብኩት። ትክክል ነሽ። አለቃዬን እንዴት እንደምነግረው ነው የጨነቀኝ።)

ዝም_በል_ሽጥ

እሺ፣ ተሸነፍኩ። ጓንቱ ስንት ነው?

አራት_ኪሎ_ሕግ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እዚህ ስላለው ወገን ልናገር፣ ምክንያቱም ቆዳና ክር ወንድሙ መስፋት ራሱ የተከለከለ እንዳይመስለው።

ፓተንት በየአገሩ ነው። እዚህ ያልተመዘገበ የአሜሪካ ፓተንት እዚህ መስፋትን አይከለክልም። ወንድምህ ዛሬም ሊሰፋ፣ ሊያከማች፣ አዲስ አበባ ላለ ሞተረኛ ሊሸጥ ይችላል። የሚከለከለው ሜይ 28 ሳያልፍ አሜሪካ ማስገባት ነው።

የኛው ሕግ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አጋጣሚ ሆኖ አሜሪካ 20 ዓመቱን በጀመረችበት ዓመት የወጣ ነው፤ ቤቲ ያልሽው ጁን 8 በእኛ ሰኔ 1፣ 1987 መሆኑ ነው። የኛ ፓተንት ማመልከቻው ከገባበት ቀን 15 ዓመት ነው፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ይጨመራል። እንደ ወንድምህ ላለ ሰው ግን የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት ነው፤ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ፣ 5 ዓመት፣ ለሌላ 5 የሚታደስ። የኢንዱስትሪ ንድፍ ደግሞ 5 ሆኖ ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ይራዘማል። ወንድምህ ከነሱ የተለየ የራሱ ነገር አለው?

ቆዳና_ክር

አለው! ፕላስቲኩን በክር ሳይሆን ቆዳውን አጥፎ እንደ ኪስ ይዞታል፤ ሲሰበር ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ለቅቆ ብዙ ሰው ወዶለታል።

አራት_ኪሎ_ሕግ

ወይኔ። መቼ ነው የለቀቀው?

ቆዳና_ክር

የዛሬ ሳምንት ገደማ።

ቤቲ_ቀን_ቆጣሪ

አሜሪካ ውስጥ ራሱ ፈጣሪው ይፋ ካደረገበት ቀን አንድ ዓመት ጊዜ አለው። ብዙ ሌሎች አገሮች ግን ይህን አይሰጡም፤ ይፋ ከሆነ አዲስነቱ ጠፋ ነው የሚሉት። ቪዲዮው የተለቀቀበትን ቀን በስክሪን ሾት ያዝ፣ ከዚያ አውርደው። ፕሮቪዥናል ማስገባት ከፈለጋችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየቆጠርክ ነው። ድንጋይህን አስቀምጥ 😄

አንድ ነገር ደግሞ፦ እኔ የቆጠርኩት አንተ በጻፍክልኝ ቀን ነው። ከጭነቱ በፊት የሀን ክሌም የሚያነብና ገና በቢሮ ያለ ሌላ ልጅ ካለ የሚፈልግ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ክፈል። ኪስ የተባለው ነገርም የነሱን ክሌም ጨርሶ ላይነካ ይችላል፤ ያኔ ግንቦት 20ንም መጠበቅ ላያስፈልግህ ነው።

ቆዳና_ክር

የሁለት ሳምንት ዜና። ጠበቃዋ አነበበችው። የሀ የመጀመሪያው ክሌም «ከመዳፉ ጋር የተያያዘ» ነው የሚለው እንጂ «የተሰፋ» አይልም፤ ስለዚህ ኪሱም ውስጡ ሊወድቅ ይችላል አለች። በቢሮ ያለ ሌላ ልጅ አላገኘችም። የቤቲን ቀን ግን በጣቷ እየቆጠረች አረጋገጠችው፦ ሜይ 28።

ጭነቱን ወደ ጁን 5 አዛወርነው። አየር መንገዱ ለቦታ ለውጡ ትንሽ አስከፍሎናል። መለያው «አራሚድ» ተብሎ እንደገና ታተመ። የፕላስቲኩን ቅርጽ ወንድሜ እንደ ቡና ፍሬ አድርጎ ሣለው፤ መሀሉ ላይ መስመር ያለው። ሲደወልለት ምን አለ መሰላችሁ? «ግንቦት 20ን እንዲህ በጉጉት ስጠብቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

የብየዳ_አባት

የቡና ፍሬው ጥሩ ነው። መስመሩ ግን ጥልቅ እንዳይሆን ንገረው፤ አስፋልት ላይ ጠጠር ይይዛል።

ዝም_በል_ሽጥ

ዋጋውን እስካሁን አልነገርከንም። ኤክስ ኤል አላችሁ?